የዱር ድመቶችን ከፎቶግራፍ ለይቶ ስለ ማወቅ

የአገራችን ሰው ሲያስጠነቅቅ «ነብር አየኝ በል» ይላል። አነጋገሩ አንድ እውነት ይዟል፤ ነብር ሰውን ያየዋል እንጂ ሰው ነብርን እምብዛም አያየውም። የድመት ወገን ከሆኑት የዱር አራዊት ብዙዎቹ በሌሊት የሚንቀሳቀሱ፣ ኮቴያቸው የማይሰማና ከሰው የሚሸሹ ናቸው። በመሆኑም በአንድ ጫካ ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን ለማወቅ ተመራማሪዎች በአውሬ መተላለፊያ ዳር ካሜራ ያጠምዳሉ። ይህ ጽሑፍ በዚህ ዓይነት የተነሣን ፎቶግራፍ ተመልክቶ አውሬውን በትክክለኛ ስሙ መጥራት እንዴት እንደሚቻል ለመምህራንና ለተማሪዎች ያስረዳል።

ካሜራው እንዴት ይሠራል?

የወጥመድ ካሜራ ዛፍ ላይ ታስሮ የሚተው ትንሽ ሣጥን ነው። ከፊቱ ሙቀት ያለው አካል ሲያልፍ በሙቀት ጨረሩ ላይ የሚደርሰውን ለውጥ ይለይና ወዲያው ፎቶግራፍ ያነሣል። ሌሊት ብዙዎቹ ካሜራዎች የሚጠቀሙት ለዓይን በማይታየው ታህተ ቀይ ጨረር ስለሆነ፣ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በሌሊት ፎቶግራፍ ላይ ቀለም መሪ ሊሆነን አይችልም። መመርመር ያለብን የሰውነትን ቅርጽ፣ ጆሮን፣ ጅራትንና የነጠብጣቡን ዓይነት ነው።

የየአንዳንዱ መለያ

1ኛ. ነብር፦ ሰውነቱ የደነደነ፣ እግሩ አጠር ያለ፣ ጅራቱ ረጅም ነው። በጎኑ ላይ የሚታየው ነጠላ ነጥብ ሳይሆን፣ ነጥቦች ተሰባስበው የሠሩት መካከሉ ክፍት የሆነ ቀለበት ነው። ግሥላ የምንለውም ጥቁር ሆኖ የተወለደ ነብር እንጂ ሌላ አውሬ አይደለም። በታህተ ቀይ ጨረር ሲነሣ በቀን የማይታዩት ቀለበቶቹ ብቅ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በኬንያ፣ በላይኪፒያ አካባቢ እንዲህ ያለ ጥቁር ነብር በወጥመድ ካሜራ ተነሥቷል።

2ኛ. አቦሸማኔ፦ ቀጭን፣ እግረ ረጅምና ጭንቅላቱ ትንሽ ነው። ነጥቦቹ ክብና ድፍን ናቸው። ከዓይኑ ወደ አፉ የሚወርደው እንባ የመሰለ ጥቁር መስመር ከነብር ፈጽሞ ይለየዋል።

3ኛ. አነር፦ ብዙ ጊዜ የነብር ግልገል ነው እየተባለ ይሳሳቱበታል። እግሩ ረጅም፣ ጆሮው ለጭንቅላቱ የማይመጣጠን ትልቅ፣ ጅራቱ አጭር ነው። ነጥቦቹ ድፍን ሲሆኑ አንገቱና ትከሻው ላይ ወደ መስመር ይለወጣሉ። ጀርባውን ሰጥቶ ከተነሣ፣ የጆሮው ጀርባ ጥቁር ሆኖ በመካከሉ ነጭ ምልክት ይታይበታል።

4ኛ. ደልጋ አንበሳ፦ ነጠብጣብ የሌለው፣ በቀን ብርሃን ሲታይ ቀይ ዳማ የሆነ አውሬ ነው። በሌሊት ፎቶግራፍ ላይ የሚያጋልጠው በጆሮው ጫፍ ላይ የቆመው ጥቁር የጠጉር ጉንጉን ነው።

5ኛ. የዱር ድመት፦ ከቤት ድመት ጋር እጅግ ይመሳሰላል። የቤት ድመት የተገኘችው ከዚሁ ዘር ስለሆነ ይህ አያስደንቅም። የዱሩ እግሩ ረዘም ያለ፣ በጎኑ ያለው መስመር የደበዘዘ፣ የጆሮው ጀርባ ቀላ ያለ ነው። ሁለቱ ስለሚዳቀሉ ግን በመንደር አቅራቢያ የተነሣውን በፎቶግራፍ ብቻ ቆርጦ መናገር አይገባም።

6ኛ. አንበሳ፦ ጐፈር ባይኖረውም በጅራቱ ጫፍ ባለው ጥቁር የጠጉር ጉንጉን ይታወቃል። ደቦሎቹ ነጠብጣብ ስላላቸው ማሳሳታቸው አይቀርም።

ከእነዚህ ሌላ ጥርኝና ሸለምጥማጥ ነጠብጣብ ስላላቸው ከድመት ወገን ይመደቡ ይሆናል። ሆኖም አይደሉም። ጥርኝ በጀርባው ላይ የሚቆም ጠጉርና በፊቱ ላይ ጭምብል የመሰለ ጥቁር ምልክት አለው። ሸለምጥማጥ ደግሞ አፈ ሹል፣ እግረ አጭርና ባለ ቀለበት ረጅም ጅራት ነው።

መጠንና ሰዓት

ለካሜራው የቀረበ ትንሽ አውሬ ትልቅ መስሎ ይታያል። ስለዚህ አውሬው በቆመበት ቦታ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት የተደረገበትን የ1 ሜትር ዘንግ አቁሞ በዚያው ካሜራ ማንሣትና ሁለቱን ምስሎች ማነጻጸር ይበጃል። ሰዓቱንም ማስተዋል ያሻል። ካሜራው በፈረንጅ አቆጣጠር ተሞልቶ 02:00 ብሎ ቢመዘግብ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ የሌሊቱን አውሬ ማለዳ የወጣ ያደርገዋል።

ከዘሩ አልፎ ግለሰቡን መለየት

የሰው የጣት አሻራ እንደሚለያይ ሁሉ፣ የሁለት ነብሮች ቀለበት አንድ አይሆንም። የአንዱ ነብር ቀኝና ግራ ጎን እንኳ አይመሳሰልም። ስለሆነም ሁለት ካሜራዎች ፊት ለፊት ተጠምደው ሁለቱንም ጎን ያነሣሉ። ከዚህ በኋላ ነገሩ የሒሳብ ነው። ለምሳሌ በመጀመሪያው ዙር 10 ነብሮች ተለዩ እንበል። በሁለተኛው ዙር ከተነሡት 8 ነብሮች 4ቱ ፊት የታወቁ ቢሆኑ፣ የጠቅላላው ግምት 10 × 8 ÷ 4 = 20 ይሆናል። በሕንድ አገር ነብር መሰሉን ባለ መስመር አውሬ፣ ታይገርን፣ በዚህ ዘዴ ለመቁጠር የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1995 ታትሟል።

ስሙን ማወቅ ምን ይጠቅማል?

በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) ከሱዳኑ የዲንደር ፓርክ ጋር በሚዋሰነው በአላጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸው የተረጋገጠው በወጥመድ ካሜራ ፎቶግራፍና በዱካ ነው። አንድ ፎቶግራፍ በትክክል መነበቡ የአንድን አገር የአራዊት ካርታ ይለውጣል ማለት ነው።

በገጠሩ ኑሮም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በግ የተበላበት ገበሬ በሚቀጥለው ቀን አነር ቢያይ «ነብሩ ይህ ነው» ብሎ መርዝ ሊያስቀምጥ ይችላል። አነር ግን በአብዛኛው የሚበላው አይጥ ስለሆነ ለእህሉ ወዳጅ ነው። መርዙም በዳዩን አይመርጥም፤ ጥንብ አንሣውንም የገበሬውን ውሻም ይገድላል። የተገደለው አነር ከሆነ በጉን የበላው አውሬ በሌሊት ተመልሶ ይመጣል፤ አይጡም ይበዛል። ስሙን ሳያውቁ መፍረድ ጉዳቱ እጥፍ ነው።

ለክፍል ሥራ

መምህራን ካሜራ ባይኖራቸውም ትምህርቱን ሊሰጡ ይችላሉ። ከመጻሕፍት የተገኙ የአራዊት ሥዕሎችን በጥቁርና ነጭ አባዝተው ስማቸውን በመሸፈን ለተማሪዎች ያድሉ። ተማሪው ስሙን ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ምክንያት ይጻፍ፤ ምክንያት ያጣ «አልተለየም» ብሎ ይመዝግብ። ይህም እንደ ትክክለኛ መልስ ይታረምለት፤ በዚህ ሥራ በድፍረት ከተሰጠ የተሳሳተ ስም ይልቅ በጥንቃቄ የተተወ ባዶ ቦታ ይሻላልና። የቁጥሩን ስሌት ደግሞ ምልክት በተደረገበት ባቄላ መለማመድ ይቻላል።

እውነተኛ ካሜራ የሚያገኝ ትምህርት ቤት ቢኖር ሁለት ነገር አይዘንጋ። ነብር የተነሣበትን ትክክለኛ ቦታ በይፋ መለጠፍ ለአዳኝ መንገድ ማሳየት ነው። እንጨት ለቅማ ስትመለስ በካሜራው የተነሣች እናት ካለችም ፎቶግራፏ ለማንም አይታይም፤ ካሜራው የተጠመደው ለአውሬ እንጂ ለእርሷ አይደለምና።