የ2015–16 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ

የ2015–16 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ፣ ሊጉ በ1992 እ.ኤ.አ. በዚህ ስያሜ ከተጀመረ ወዲህ 24ኛው የውድድር ዘመን ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነሐሴ 2 ቀን 2007 እስከ ግንቦት 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የተካሄደ ሲሆን 20 ክለቦች እያንዳንዳቸው 38 ጨዋታ አድርገዋል። ሻምፒዮን የሆነው ሌስተር ሲቲ ነው። በ1884 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ይህ ክለብ የእንግሊዝን ከፍተኛ ሊግ ሲያሸንፍ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። በዚህ ጽሑፍ የውድድር ዘመናት ስም በአውሮፓውያን፣ ቀንና ወር ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጠቅሰዋል።

ውድድሩ ብዙ ጊዜ «ተአምር» እየተባለ ይነሳል። ሆኖም የሌስተር ድል በሰንጠረዡና በጨዋታዎቹ ውጤት ላይ ሲታይ ምክንያቱ በግልጽ የሚነበብ ነው፤ አንደኛው ምክንያት ከቡድኑ፣ ሌላው ከተፎካካሪዎቹ ድክመት የመጣ ነው።

ከውድድሩ በፊት

ሌስተር ሲቲ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ የተመለሰው ለ2014–15 ውድድር ነበር። በዚያ ዓመት በአውሮፓውያን ገና ሰሞን የሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከመጨረሻዎቹ 9 ጨዋታዎች 7ቱን አሸንፎ በ41 ነጥብና በ14ኛ ደረጃ ከመውረድ ተረፈ። ቡድኑን ያተረፈው አሰልጣኝ ናይጀል ፒርሰን ግን ሰኔ 23 ቀን 2007 ተሰናበተ። በእርሱ ምትክ የተሾመው ጣሊያናዊው ክላውዲዮ ራኒዬሪ፣ የግሪክን ብሔራዊ ቡድን ይዞ በሜዳው በትንሿ ፋሮ ደሴቶች ተሸንፎ ከተባረረ ዓመት አልሞላውም ነበርና ሹመቱን ብዙዎች በጥርጣሬ ተቀበሉት። አንዳንድ የእንግሊዝ አቋማሪ ድርጅቶች ሌስተር ሻምፒዮን ይሆናል ብሎ ለሚያስይዝ ሰው 5000 ለ1 ለመክፈል ተዘጋጅተው ነበር። ይኸውም በአንድ ፓውንድ 5000 ፓውንድ ማለት ነው።

ዋና ዋናዎቹ ተጫዋቾች በብዙ ገንዘብ የመጡ አልነበሩም። አጥቂው ጄሚ ቫርዲ እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ከአራቱ የሙያ ሊጎች በታች ለሆኑ ክለቦች ይጫወት ነበር። አልጄሪያዊው ሪያድ ማህሬዝ ከፈረንሳይ ሁለተኛ ሊግ ክለብ ከለ ሃቭር፣ አማካዩ ንጎሎ ካንቴ ደግሞ በዚያው ክረምት ከካን መጡ።

የአጨዋወቱ ለውጥ

ሌስተር 4-4-2 በሚባለው የቆየ አሰላለፍ ይጫወት ነበር። ኳስን ለረጅም ጊዜ አይዝም፤ በዚህ ረገድ ከሊጉ ዝቅተኛ ቡድኖች አንዱ ነበር። ተጋጣሚው ወደፊት ሲወጣ ካንቴ ኳሱን ይነጥቃል፣ ዳኒ ድሪንክወተር በረጅሙ ይልካል፣ ቫርዲ ከተከላካዮች ጀርባ ይሮጣል። ካንቴ በውድድሩ 175 ጊዜ ኳስ በመንጠቅ ከሊጉ ተጫዋቾች ሁሉ ቀዳሚ ነበር። ቫርዲም ከነሐሴ 23 እስከ ኅዳር 18 በተደረጉ 11 ተከታታይ የሊግ ጨዋታዎች ግብ አስቆጥሮ ሩድ ቫን ኒስተልሮይ በ10 ጨዋታ ይዞት የነበረውን ክብረ ወሰን አሻሻለ። ያሻሻለውም በቫን ኒስተልሮይ የቀድሞ ክለብ በማንችስተር ዩናይትድ ላይ ባስቆጠረው ግብ ነው።

በዚህ ጊዜ ግን ቡድኑ የሚያስቆጥረውን ያህል ባይሆንም ብዙ ይቆጠርበት ነበር። በመጀመሪያዎቹ 9 ጨዋታዎች አንድም ጊዜ ግብ ሳይገባበት አልወጣም። መስከረም ላይ በሜዳው በአርሴናል 5 ለ 2 ተሸነፈ። ራኒዬሪ ግብ ሳይቆጠርባቸው ከወጡ ተጫዋቾቹን ፒዛ እንደሚጋብዝ ቃል ገባ፤ ጥቅምት 13 ክሪስታል ፓላስን 1 ለ 0 ሲያሸንፉም ወደ ፒዛ ቤት ወሰዳቸው፤ ፒዛውን ራሳቸው እንዲጋግሩ ማድረጉም ይታወሳል።

የውድድሩ እውነተኛ ታሪክ ከቫርዲ ግቦች ይልቅ ከዚህ በኋላ ያለው ይመስላል። ሌስተር በመጀመሪያዎቹ 19 ጨዋታዎች 37 ግብ አስቆጥሮ 25 ተቆጠረበት፤ በቀሪዎቹ 19 ጨዋታዎች 31 አስቆጥሮ የተቆጠረበት 11 ብቻ ነው። ማጥቃቱ ሲቀንስ መከላከሉ ከእጥፍ በላይ ተሻሻለ። ተጋጣሚዎች የመልሶ ማጥቃቱን አደጋ አውቀው ወደኋላ መቅረት ሲጀምሩ፣ ካፒቴኑ ዌስ ሞርጋንና ሮበርት ሁት የሚመሩት ተከላካይ ክፍል በአንድ ግብ ብቻ ማሸነፍን ተለማመደ። ዋትፎርድ፣ ኒውካስል፣ ክሪስታል ፓላስና ሳውዝሃምፕተን በተከታታይ የተሸነፉት ሁሉም 1 ለ 0 ነው። ሞርጋንና ግብ ጠባቂው ካስፐር ሽማይክል 38ቱንም ጨዋታ ተሰልፈዋል።

ቡድኑ በአውሮፓ ውድድር ስላልነበረ፣ ከሁለቱም የአገር ውስጥ ዋንጫዎችም በጊዜ ስለወጣ በዓመቱ ያደረገው 43 ጨዋታ ብቻ ነበር። ከሳምንት ሳምንት ያንኑ 11 ተጫዋች ለማሰለፍ ይህ ትልቅ እገዛ ሆኖታል።

የተፎካካሪዎቹ ድክመት

ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ቼልሲ ከ16 ጨዋታ 9ኙን ተሸንፎ 16ኛ ደረጃ ላይ ሲወርድ ጆዜ ሞሪንሆ ታኅሣሥ 7 ተሰናበተ። የመጨረሻ ጨዋታው ከሦስት ቀን በፊት በሌስተር 2 ለ 1 የተሸነፈበት ነው። ማንችስተር ሲቲ ጥር 23 ቀን ፔፕ ጋርዲዮላ ከክረምቱ ጀምሮ አሰልጣኙ እንደሚሆን አስታወቀ፤ በአምስተኛው ቀን ሌስተር በሲቲ ሜዳ 3 ለ 1 አሸነፈ። የካቲት 6 አርሴናል በዳኒ ዌልቤክ የጭማሪ ሰዓት ግብ ሌስተርን 2 ለ 1 ረቶ ልዩነቱን ወደ 2 ነጥብ አጠበበ። በኢትዮጵያ ያሉ በርካታ የአርሴናል ደጋፊዎች ያን ቀን ዋንጫው የእነርሱ እንደሆነ ቢያስቡ አይፈረድባቸውም፤ ነገር ግን ቡድናቸው ወዲያው በማንችስተር ዩናይትድና በሜዳው ደግሞ በስዋንሲ ተሸነፈ። ሌስተር ከዚያ ሽንፈት በኋላ እስከ መጨረሻው አልተሸነፈም።

እስከ መጨረሻው የተከተለው ቶተንሃም ነበር። ሚያዝያ 23 ሌስተር በኦልድ ትራፎርድ 1 ለ 1 ወጣ፤ ዕለቱ በኢትዮጵያ የፋሲካ በዓል ነበር። በማግስቱ ቶተንሃም ተስፋውን ለማቆየት ቼልሲን በሜዳው ማሸነፍ ግድ ሆነበት፤ በዚያ ሜዳ ደግሞ ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሸንፎ አያውቅም። በሃሪ ኬንና በሶን ሁንግ ሚን ግቦች 2 ለ 0 ቢመራም ጋሪ ካሂል አንዱን መለሰ፤ በ83ኛው ደቂቃ ኤደን ሃዛርድ አቻ አደረገ። ዘጠኝ የቶተንሃም ተጫዋቾች ቢጫ ካርድ አዩ። ሌስተር ሜዳ ሳይገባ ሻምፒዮን ሆነ፤ ዋንጫውንም ሚያዝያ 29 ኤቨርተንን 3 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ ተቀበለ።

የመጨረሻው ሰንጠረዥ

ሌስተር 23 አሸንፎ፣ 12 አቻ ወጥቶ፣ 3 ተሸንፎ በ81 ነጥብ ጨረሰ። አርሴናል በ71 ሁለተኛ፣ ቶተንሃም በ70 ሦስተኛ ሆኑ፤ ቶተንሃም በመጨረሻው ቀን አስቀድሞ መውረዱ በታወቀውና በ10 ተጫዋች በጨረሰው ኒውካስል 5 ለ 1 ተሸንፎ ነው ሁለተኝነቱን ያጣው። ማንችስተር ሲቲና ማንችስተር ዩናይትድ በእኩል 66 ነጥብ አራተኛና አምስተኛ ሲሆኑ ቼልሲ በ50 ነጥብ 10ኛ ሆነ። ለንጽጽር፣ ይኸው 81 ነጥብ በ2013–14 ቢሆን ኖሮ ሌስተርን አራተኛ ብቻ ያደርገው ነበር። የ10 ነጥቡ ልዩነት የሌስተርን ብርታት ያህል የሌሎቹን መዳከም ያሳያል።

ኒውካስል በ37፣ ኖርዊች በ34፣ አስቶን ቪላ በ17 ነጥብ ወረዱ። ከፕሪሚየር ሊጉ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቪላ በዓመቱ ያሸነፈው 3 ጨዋታ ብቻ ነው። የማንችስተር ዩናይትድና የቦርንማውዝ ጨዋታ ግንቦት 7 በስታዲየሙ ፈንጂ የሚመስል ዕቃ በመገኘቱ ተሰረዘ፤ ዕቃው ከጸጥታ ልምምድ በኋላ የተረሳ ሆኖ ተገኘ። ውድድሩ እስከ ግንቦት 9 የዘለቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሃሪ ኬን በ25 ግብ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ ቫርዲና ሰርጂዮ አግዌሮ 24 አስቆጥረዋል። 17 ግብ ያገባው ማህሬዝ በተጫዋቾች ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ሲመረጥ ሽልማቱን ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው።

ከውድድሩ በኋላ

ካንቴ በክረምቱ ወደ ቼልሲ ተዛወረ። በ2016–17 ሌስተር ወደ ወራጅ ቀጠናው ሲጠጋ ራኒዬሪ ዋንጫውን ካነሳ ዘጠኝ ወር ገደማ በኋላ ተሰናበተ፤ ቡድኑም 12ኛ ሆኖ ጨረሰ። የዚያን ዓመት ዋንጫ የወሰደው ቼልሲ ነው፤ ካንቴም በሁለት ተከታታይ ዓመት በሁለት የተለያዩ ክለቦች ሻምፒዮን ሆነ።