ቤንዚንም አረቄም የማትጠጣው መኪና

ታላቅ ወንድሜ ጎንደር ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ግን አይነዳም፤ ይሰለፋል። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ማደያ ደጅ ይቆማል። ሲቀናው እኩለ ቀን ላይ ቀድቶ ይወጣል፤ ሳይቀናው «አልቋል» ተብሎ ባዶውን ይመለሳል። ያኔ ያለው አማራጭ ሁለት ነው፦ በሃይላንድ የሚሸጠውን የጥቁር ገበያ ቤንዚን መግዛት ወይም ባጃጇን አቁሞ ቤት መዋል። በሁለቱም የሚከስረው እሱ ነው።

ባለፈው ክረምት «ልሸጣት ነው» አለ። እናታችን ዝም አለች። እኔ ኢኮኖሚክስ የተማርኩ የቤቱ «ባለሙያ» ስለሆንኩ ሁሉም ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። እውነት ለመናገር መልስ አልነበረኝም። የነበረኝ አልጋ ስር አቧራ የጠገበች አንዲት የሪሞት መኪና ብቻ ናት።

ትስቁ ይሆናል። ግን ታሪኩን ጨርሱት።

የጥምቀት ስጦታ

መኪናዋን ከጥቂት ዓመታት በፊት ለታናሽ ወንድማችን ያመጣለት ከአሜሪካ ለጥምቀት የመጣው አጎታችን ነው። ሱቅ ደጅ ተሰቅለው ከምናያቸው የሕፃናት መኪኖች ጋር አትመሳሰልም። ቲ-ማክስ ትባላለች፤ ትራክሳስ የተባለ የቴክሳስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ ያወጣት፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት፣ በእውነተኛ ነዳጅ የሚሠራ ሞተር ያላት ፒካፕ ናት። ሞተሯ መዳፍ ውስጥ ይገባል፤ ጩኸቷ ግን እንደ ሞተር ሳይክል ነው።

ችግሩ ምግቧ ነው። የምትጠጣው ናይትሮ የሚባል፣ ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት የተቀላቀሉበት ነዳጅ ነው። ተቀጣጣይ ስለሆነ መንገደኛ በእጁም ሆነ በሚጫን ሻንጣ ይዞት አውሮፕላን ላይ አይወጣም። አጎቴ «ቤንዚን ይሠራላታል» ብሎ ነበር ያሰበው። ወንድሜ ቤንዚን ከዘይት ጋር ቀላቅሎ ሞከረ፤ እምቢ አለች። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ «ዳግም አረቄ ስጧት» አሉ። ሳንሰጣት አልቀረንም፤ እምቢ አለች እንጂ።

ምክንያቱን ያወቅኩት በኋላ ነው። የናይትሮ ሞተር ካንዴላ እንደ ባጃጅ ካንዴላ ብልጭታ አይሰጥም። ጫፉ ላይ ያለው የፕላቲኒየም ሽቦ መጀመሪያ በባትሪ ይግላል፤ ከዚያ በኋላ ሜታኖሉ ሽቦው ላይ ሲቃጠል ግለቱ ሳይጠፋ ይቀጥላል። ቤንዚን ይህን አያደርግለትም። አረቄ ደግሞ ውስጡ ብዙ ውሃ አለበት።

ነዳጁ ቢገኝስ? ሌላ ጣጣ አለ፤ ከፍታ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ደባርቅ ስትወጡ፣ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጉድለቱ ሩብ ይደርሳል። ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር ሁሉ አየር ይፈልጋል፤ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ደግሞ እዚህ ደጋ ላይ ሲሠራ ነዳጁ ከአየሩ ይበዛበትና ሞተሩ ያስላል፣ ያጨሳል። ወንድሜ ይህን ስነግረው ሳቀ። «እኔ እኮ ሦስት ሰው ጭኜ ወደ ጎሃ ስወጣ በየቀኑ የማየው ነው» አለኝ።

የፈሰሰ ውሃ

ኢኮኖሚክስ ስንማር ተመልሶ የማይገኝ ወጪ የሚባል ነገር አለ። አንዴ የወጣና የማይመለስ ገንዘብ ቀጣዩን ውሳኔ መወሰን የለበትም። አባቶቻችን ያለ ዩኒቨርሲቲ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብለው ጨርሰውታል። እኛ ግን መኪናዋን ዓመታት ያስቀመጥናት «ውድ ሞተር አላት» ብለን ነው። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ነዳጁ ግን የለም። የማይደረስበት ነዳጅ የሚጠይቅ ጤነኛ ሞተር ከተበላሸ ሞተር በምን ይሻላል?

ስለዚህ ሞተሯን አውጥቼ በኤሌክትሪክ ልቀይራት ወሰንኩ። ሰበቡ ታናሽ ወንድሜ ነበር። በልቤ ግን የባጃጇን ጥያቄ በትንሿ መኪና ልሞክረው ፈልጌ ነው።

ያስፈለጉኝ ዕቃዎች አራት ናቸው፦ ብራሽለስ ሞተር፣ የሞተሩ መቆጣጠሪያ፣ ሊቲየም ባትሪና ቻርጀር። የቻልኩትን ያህል ቆጥቤ በሚመጣ ሰው አስመጣኋቸው። ባትሪው ከነዳጁ በተለየ አውሮፕላን ላይ ይፈቀዳል፤ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ድረስ በእጅ ሻንጣ ይያዛል። የእኔው 11.1 ቮልት፣ 5,000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት ነው። ሲባዛ 55.5 ዋት-ሰዓት ይመጣል።

ብራሽለስ ማለት ካርቦን የሌለው ማለት ነው። የተለመደው የአሻንጉሊት ዲናሞ ውስጥ እየተፋተገ ኤሌክትሪክ የሚያሻግር ካርቦን አለ፤ ይግላል፣ ያልቃል። ብራሽለስ ላይ የሚፋተግ ካርቦን የለም። ማግኔቱ መሀል ላይ ይዞራል፣ ጥቅልሉ ዙሪያውን ተተክሏል፣ መቆጣጠሪያው ደግሞ በሦስት ሽቦዎች ተራ በተራ ኤሌክትሪክ እየላከ ማግኔቱን ያዞረዋል። የኤሌክትሪክ ባጃጅም ሆነ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በዚሁ ዓይነት ዘዴ ነው የሚሄዱት። መጠኑ ነው እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው።

ከመኪናዋ ላይ ሞተሩን፣ ታንከሩን፣ ማርሚታውንና ፍሪሲዮኑን አወጣሁ። ፍሪሲዮን ለምን? ነዳጅ ሞተር ከዜሮ ተነስቶ መጎተት አይችልም፤ እየዞረ መጠበቅ አለበት፣ ስለዚህ የሚያላቅቀው ነገር ይፈልጋል። ኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከቆመበት ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። ነዳጅ ሰጪውን ገመድ የሚጎትተው ትንሽ ሞተርም ወጣ። ሥራውን መቆጣጠሪያው ተካው፤ ፍሬኑንም ጭምር።

አስቸጋሪው አዲሱን ሞተር የሚሸከም ብረት ማግኘት ነበር፤ ተሠርቶ የሚሸጥ አላገኘሁም። ሰፈራችን ያለ የቶርኖ ባለሙያ ጋ ሄድኩ። ካርቶን ላይ የሳልኩትን አየና «ይቺ ለምንድን ናት?» አለኝ። ስነግረው ሳቀ፤ ግን ከአሉሚኒየም ቁራጭ ቆርጦ፣ ሞተሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲገፋ ቀዳዳዎቹን ረዘም አድርጎ ሠራልኝ። የሞተሩ ትንሽ ፒኞንና የመኪናዋ ትልቅ የፕላስቲክ ማርሽ እንዳይጣበቁም፣ እንዳይራራቁም መሀላቸው ቁራጭ ወረቀት አስገብቶ ብሎኑን ማጥበቅና ወረቀቱን መልሶ ማውጣት እንደሚበቃ ያሳየኝም እሱ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ላይ መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች። ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን አቀያየርኳቸው፣ ተስተካከለች። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ታናሽ ወንድሜ ሪሞቱን በአንዴ ጨመቀው፤ «ክርር» የሚል ድምፅ ሰማንና መኪናዋ ቆመች። የፕላስቲኩ ማርሽ ጥርስ ተላጭቶ ነበር። ያ ከቆመበት የሚሰጠው ሙሉ ጉልበት በረከትም ጥፋትም ነው። ከመኪናዋ ጋር የመጣ መለዋወጫ ማርሽ ስለነበር ዳንን። መቆጣጠሪያው ላይ ሲነሳ ቀስ እንዲል አስተካከልኩት፤ ከዚያ ወዲህ አልበላም።

የአንዲት እንጀራ መብራት

እናቴ ባትሪው ቻርጅ ላይ ሲሰካ ባየች ቁጥር «መብራቱን ጨረሽው!» ትላለች። ቁጭ ብለን አሰላነው። 55.5 ዋት-ሰዓት ማለት እጃችሁ ላይ ያለውን 5,000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት ስልክ ሦስት ጊዜ የመሙላት ያህል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። በሌላ አነጋገር መኪናዋ አንዴ ለመሙላት የምትፈልገው ምጣዱ በአንድ ደቂቃ የሚወስደውን ያህል ነው። አንዲት እንጀራ እንኳ በቅጡ አትበስልበትም። እናቴ «እንዲህ ነው እንዴ?» አለችና ከዚያ በኋላ ስለ መብራቱ አልተናገረችም። ስለ እሳቱ ግን ልክ ነበረች። ሊቲየም ባትሪ ከተጎዳ ወይም ከመጠን በላይ ከተሞላ ይነዳል። ስለዚህ በተሰነጠቀ የሸክላ ድስት ውስጥ አስቀምጬ፣ አጠገቡ ሆኜ ነው የምሞላው። እናንተም የስልካችሁን ቻርጅ ትራስ ስር ማድረግ ተዉ።

ለበዓል ደባርቅ ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ መኪናዋን ይዘናት ሄድን። የሚኒባሱ ሞተር ከአምባ ጊዮርጊስ በኋላ ዳገቱ ላይ ሲያቃስት እሰማ ነበር። እሷ ግን ደባርቅ ላይ ጎንደር እንደነበረችው ናት። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያቃጥልም፤ ስለዚህ የአየሩ መሳሳት ጉልበቱን አይቀንስበትም። ጠዋት ላይ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ጎንደር 18 ደቂቃ የሚያስነዳን ባትሪ በደባርቅ ብርድ 14 ደቂቃ ላይ አለቀ። ብርድ የባትሪን አቅም ይቀንሳል። ፀሐይ ሲሞቅ ተስተካከለ። ደጋው ለኤሌክትሪክ ይመቻል፤ ግን በነፃ አይደለም።

ወደ ባጃጇ እንመለስ

ወንድሜ መኪናዋ ደባርቅ ዳገት ስትወጣ አየ። ማታ ላይ «እሺ አንቺ ልጅ፣ የእኔን ለምን አትቀይሪያትም?» አለኝ። የፈራሁት ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ጥሩውን ነገርኩት። የኤሌክትሪክ ባለ ሦስት እግር 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 6 ኪሎ ዋት-ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ያ ምጣዳችን በአንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ የሚወስደው ነው። የእሱ ባጃጅ ለዚያው መንገድ ከ3 ሊትር በላይ ቤንዚን ትፈልጋለች፤ ሊትሩ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ 100 ብርን አልፏል። የመብራት ታሪፍም እየጨመረ ነው፤ የእናንተን ቤት ዋጋ አስገቡና አስሉት፣ ልዩነቱ አሁንም ሰፊ ነው።

ሁለተኛ፣ ቤንዚኑ ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚመጣ፣ በዶላር የሚገዛ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያ ዶላር ምን ያህል ብር እንደሚጠይቅ ሁላችንም እናውቃለን። መብራቱ ግን በአብዛኛው ከራሳችን ውሃ ነው። ከጣና ውሃ የሚወስደው ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ደግሞ የ5,150 ሜጋ ዋት አቅም አለው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ያሳወቀው፣ ከዚያም በፊት ለኤሌክትሪክ መኪኖች ቀረጥና ታክስ የቀነሰው በዚሁ ስሌት ነው።

ከዚያ መጥፎውን ነገርኩት። መኪናዋ ላይ ካወጣሁት ገንዘብ ግማሽ ያህሉ ባትሪና ቻርጀር ነው። ባጃጅ ላይም ውዱ ባትሪው ነው፤ ከእኔው ባትሪ ከመቶ እጥፍ በላይ ይፈልጋል፣ እሱም በዶላር ነው የሚመጣው። ልዩነቱ ባትሪ በየጥቂት ዓመቱ አንዴ ይገዛል፣ ቤንዚን በየቀኑ። መብራት ይጠፋል፤ የሚጠፋበትን ሰዓት ደግሞ አንመርጥም። ከሁሉም በላይ ሊብሬው ላይ የተመዘገበ የሞተር ቁጥር አለ፤ ሞተር አውጥቶ ሌላ መትከል ያለ ፈቃድና ያለ ምርመራ አይሆንም። እኔ ጥርስ የበላሁት ከአሻንጉሊት ላይ ነው። ጎሃ ዳገት ላይ፣ ሦስት ሰው ተጭኖ፣ እኔ የተከልኩት ሞተር ወይም እኔ የበየድኩት ሽቦ ቢከዳስ? ፍሬኑስ?

«ስለዚህ አልቀይርልህም» አልኩት። ትንሽ ቅር አለው። ግን ኢኮኖሚክሱ የሚለው ያንኑ ነው። አካሏ ጥሩ ሆና ነዳጇ ለጠፋ አሻንጉሊት መቀየር ያዋጣል፤ ብትበላሽ የምናጣው አንድ ማርሽ ነው። ሰው ለሚጭን ባጃጅ ግን አሁን ባለው ሁኔታ የሚሻለው፣ አሮጌዋ ዋጋ ሳታጣ ሸጦ፣ በፋብሪካ የተሠራ የኤሌክትሪክ ባጃጅ መግዛት ነው። «ልሸጣት ነው» ያለው ልክ ነበር ማለት ነው። ያላለቀው «ከዚያስ?» የሚለው ነው።

አሁን ከሌሎች ነጂዎች ጋር ዕቁብ ገብቷል። ዕጣው ሲወጣለት የባጃጇን ዋጋ ጨምሮበት ይገዛል፤ ዕጣው መቼ እንደሚደርሰው ግን አይታወቅም። እስከዚያው መብራት የሚጠፋባቸውን ቀናትና ሰዓታት ስልኩ ላይ እየመዘገበ ነው፤ እንዲመዘግብ ያልኩት እኔ ነኝ። ከመግዛቱ በፊት ሌሊት ቻርጅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ በግምት ሳይሆን በቁጥር ማወቅ አለበት።

ዛሬ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የግቢያችን በር ሲከፈት ሰማሁ። አሁንም ይሰለፋል።