1 ቁጥር 16,777,216 የሆነበት ምክንያት

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለሳን ስፓርክ የተጻፈ ፕሮግራም ወደ ዴክ አልፋ ኮምፒውተር ሲወሰድ አንዳንዴ ጉድ ይፈላ ነበር። ሁለቱም የሚሠሩት በዩኒክስ ነው፤ ታዲያ ችግሩ ምንድነው?

አንድ ቁጥር ሚሞሪ ላይ 4 ባይት ይይዛል እንበል። ስፓርክ ትልቁን ባይት ያስቀድማል፣ አልፋ ደግሞ ትንሹን። አንዱ "ሃያ አምስት"፣ ሌላው "አምስት ሃያ" እንደሚል ማለት ነው። ስፓርክ ላይ ሴቭ የተደረገ 1፣ አልፋ ላይ እንዳለ ሲነበብ 16,777,216 ይሆናል! የባንክ ሂሳብ ቢሆን አስቡት። ደግሞ ኤረር እንኳን ሳያሳይ ነው የሚሳሳተው።

መፍትሄው? በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚጻፍ አስቀድሞ መስማማት። ኢንተርኔት "ትልቁ ይቅደም" ብሏል። የእጃችሁ ስልክ ግን ትንሹን ነው የሚያስቀድመው፤ ስለዚህ ዳታ ሲልክ እንደ ፖርት ቁጥር ያሉትን ገልብጦ ነው የሚጽፈው። አሁንም፣ ይህን ስታነቡ!