ጎሽ ለማደን የሚሰናዳ ሰው

ጎሽን በዓይኑ ያላየ አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ነው፤ ስሟን ሳይሰማ ያደገ ግን የለም። «ጎሽ ለልጇ ስትል ተወጋች» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ ማን አለ? ልጅ ፈተናውን አልፎ ውጤቱን ይዞ ሲመጣም አባቱ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ጎሽ!» ይለዋል፤ ሁለቱ ቃላት በድምፅ አንድ ናቸው። በአባቶቻችን ዘመን ደግሞ ጎሽ የገደለ ሰው አንበሳና ዝሆን ከገደሉት ጋራ ተቈጥሮ በሰው ፊት እየተነሣ ይፎክር ነበር።

ታዲያ ባለፈው ፋሲካ ከአሜሪካ የመጣው የአክስቴ ልጅ፣ ገና ቡናው ሳይቀዳ፣ «ጋሼ፣ በሚመጣው ዓመት ዚምባብዌ ወርጄ ጎሽ ላድን ነው» ባለኝ ጊዜ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። ስምንት ዓመት ሙሉ ከደመወዙ እየቀነሰ ያጠራቀመው ገንዘብ አለው፤ በሻንጣውም የጠመንጃ ሥዕል የሞላበት መጽሔት ይዟል። ማታውን ሁሉ ሲያጫውተኝ ያመሸው ስለ ጠመንጃው ነበር፤ ስለ ሰደፉ፣ ስለ አፈ ሙዙ፣ ስለ ጥይቱ ክብደት። ስለ ጎሹ የነገረኝ ጥቂት ነው፤ በአደኑ ጊዜ ከፊቱ ስለሚሔደው ሰው ግን አንድ ቃል እንኳ አልተናገረም።

እኔ ቢሮ ውዬ የምገባ ሰው ነኝ እንጂ አዳኝ አይደለሁም። ሆኖም የአደን መጻሕፍት ማንበብ የቆየ ልማዴ ስለ ሆነ፣ ያን ሌሊት ለእርሱ የነገርሁትን ለአንባቢም ላካፍል አሰብሁ። ወደ ዛምቤዚ የሚያደርስ ገንዘብ ያለን ጥቂቶች ብንሆንም ነገሩ ራሱ ሊታወቅ የሚገባው ነው። (የማነሣቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልሁባቸው በቀር፣ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የሚታደነው የትኛው ነው?

«ጎሽ ማለት የዱር በሬ ነው» ብሎ የሚያቃልለው ሰው አለ። ሙሉ ዕድሜ የደረሰ የደቡብ አፍሪካ ምድር ኮርማ ከ600 እስከ 800 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ትከሻው ላይ ሲለካ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሁለቱ ቀንዶች ከሥራቸው እየሰፉ መጥተው ግንባሩ ላይ ይገናኙና እንደ ራስ ቁር ይደፉበታል። ዓይኑም ጆሮውም ደኅና ነው፤ አፍንጫው ግን ከሁለቱም ይበልጣል። ስለዚህ በዚያ አገር ያሉ ዱካ ተከታዮች ጥቂት አመድ በጨርቅ ቋጥረው ይይዛሉ፤ በየጥቂቱ እርምጃ ነቅነቅ እያደረጉም ብናኙ ወዴት እንደሚሔድ ያያሉ። ብናኙ ወደ ጎሹ ከነፈሰ ዙሪያ ጥምጥም ሔዶ በሌላ ወገን መምጣት ነው እንጂ ወደ ፊት መቀጠል ልፋት ብቻ ነው።

እናቶቹና ጥጆቹ በመንጋ ይኖራሉ፤ መንጋውም አንዳንድ ጊዜ ብዙ መቶ ይሆናል። ዕድሜው የገፋ ኮርማ ግን መንጋውን ትቶ ብቻውን፣ ወይም ከሁለትና ከሦስት መሰሎቹ ጋራ በወንዝ ዳር ይውላል። ጭቃ ላይ መንከባለል ስለሚወድ ጀርባው ደረቅ ጭቃ እንደ ለበሰ ነው፤ የአገሩ አዳኞችም እነዚህን ሽማግሌዎች «የጭቃ ልጆች» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። ሕግ ዐዋቂ አዳኝ የሚፈልገው ይኸንን ሽማግሌ ነው፤ ዘሩን አስቀድሞ ተክቷልና። መንጋውን ትቶ የወጣ ስለ ሆነም ከዚያ በኋላ ቢቈይ ብዙ ጊዜ የአንበሳ እራት ይሆናል።

እንግዲህ ለጀማሪ ከባዱ ፈተና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጀማሪ ሰው የሚያየው የቀንዱን ስፋት ነው። ሰፊ ቀንድ ያለው ኮርማ ግን ገና ወጣት ሊሆን ይችላል፤ ይኸውም ግንባሩ ላይ ሁለቱ ቀንዶች በሚገናኙበት ቦታ ሥጋው ለስላሳ፣ ጠጕር ያለበት ሆኖ ይታያል። የሽማግሌው ግንባር እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ ጠጕሩም ያለቀ ነው፤ የቀንዱም ጫፍ ተሸራርፎ ደንዝዟል። ይኸን በመነጽር ለይቶ ለማወቅ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጎሹ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ የአክስቴን ልጅ፣ «የጠመንጃውን ሥዕል ተውና የግንባር ሥዕል አጥና» አልሁት።

ስለ ቍጥራቸው ጥቂት ልናገር፤ ለእኛም የሚነካ ነገር ስላለበት። በ1887 በምፅዋ በኩል በገቡ ከብቶች የመጣው የደስታ በሽታ የአገራችንን ከብት ጨርሶ፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ክፉ ቀን የተባለውን ረኃብ እንዳመጣ ሽማግሌዎች ሲናገሩ ሰምተናል። በሽታው በዚያ አላበቃም፤ ወደ ደቡብ እየወረደ በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ ተሻገረ፤ በሔደበትም ሁሉ ከላሙ ጋራ ጎሹን ፈጀው። በሽታው ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው። ዛሬ አዳኝ የሚከተለው ጎሽ ከዚያ መቅሠፍት ከተረፉት ጥቂቶች የተራባ ነው ማለት ነው። በ2019 ደግሞ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የአፍሪካን ጎሽ ለአደጋ ከተቃረቡት እንስሳት መደብ አስገብቶታል። በየዓመቱ በየቀበሌው ስንት ኮርማ እንዲገደል የሚፈቀድ ቍጥር አለ፤ ወጣት ኮርማ የገደለ ሰው ቍጥሩን ባያልፍም የነገን ዘር ቀንሷል።

ቦታና ወራት

በአፍሪካ ሁሉ አይታደንም። ኬንያ በ1977 አደንን ከልክላለች። በዚምባብዌም ቢሆን በዛምቤዚ ሸለቆ ያለው ዝነኛው ማና ፑልስ ብሔራዊ ፓርክ ስለ ሆነ በዚያ ማደን ክልክል ነው፤ የሚታደነው ከእርሱ ውጭ ለአደን በተከለሉ ቦታዎችና ካምፕፋየር የተባለው ሥርዓት ከ1989 ጀምሮ በተሠራባቸው የገጠር ወረዳዎች ነው። በዚህ ሥርዓት አዳኙ ከሚከፍለው ገንዘብ ለባላገሩ ድርሻ ይወጣለታል። ድርሻው በትክክል ይደርሳል ወይ የሚለው ብዙ ክርክር ያለበት ነገር ነው፤ አዳኙ ውል ከመፈረሙ በፊት ጠይቆ ቢረዳ ነውር የለበትም።

ሰኔና ሐምሌ በዚያ አገር ቀዝቃዛና ደረቅ ናቸው። መስከረምና ጥቅምት እጅግ ይሞቃል፤ ነገር ግን ሣሩ ረግፎ፣ ኩሬው ደርቆ፣ አውሬው ሁሉ ወደ ወንዙ ስለሚሰበሰብ ዱካ ማግኘት ይቀላል። የወባ መድኃኒት አስቀድሞ መያዝ ነው፤ ጼጼ የሚሉትን የገንዲ ዝንብ ግን የሚያስቆም ልብስ እስካሁን አልተሰፋም። አደኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጃል፤ ዋጋው ከአውሮፕላኑ ሌላ አሥር ሺህ ዶላር ያልፋል፤ ቀጠሮውም ከአንድ ዓመት በፊት የሚያዝ ነው። ከአዳኙ ጋራ የሚሔደው ባለሙያ አዳኝ ፈቃዱን ያገኘው በጽሑፍ ተፈትኖ፣ ለረዥም ጊዜ በደቀ መዝሙርነት አገልግሎ፣ በመጨረሻም በዱር ተኩሶ ካስመሰከረ በኋላ ነው፤ የዚምባብዌ ፈተና በአህጉሩ ከባድ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ጠመንጃውና ትከሻው

የዚምባብዌ ሕግ ለጎሽ ከ9.2 ሚሊ ሜትር ያነሰ አፈ ሙዝ አይፈቅድም። በብዙ አገር የተለመደው ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የተባለው የሎንዶን ጠመንጃ ሠሪ በ1912 ያወጣው 375 ነው፤ ጥይቱ 19 ግራም ያህል ይመዝናል። የአክስቴ ልጅ ይኸን ንቆ ከእርሱ እጅግ የሚበልጥ ሊገዛ ነበር። የሚረግጥ ጠመንጃ ግን ጎሹን ከመምታቱ በፊት ባለቤቱን ይመታል፤ ሰውዬው ቃታውን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጥይቱም ከደረት ወደ ሆድ ይሔዳል። በ375 ደረቱን የመታ፣ በትልቁ ሆዱን ከመታው ሺህ ጊዜ ይሻላል።

የጎሽ ልብ ያለው አብዛኛው ጀማሪ ከሚገምተው ዝቅ ብሎ ነው። ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም የፊት እግሩን መሐል ይዞ ወደ ላይ መውጣት፣ ከደረቱ ቁመት ሲሶው ላይ ሲደርሱ መተኮስ ነው። ርቀቱ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ሜትር በታች፣ እንዲያውም ሃምሳና ስድሳ ነው። ሦስት እግር ባለው የእንጨት ድጋፍ ላይ ተደግፎ ቆሞ መተኮስ የአገሩ ልማድ ስለ ሆነ፣ ልምምዱም ቤት ሳሉ እንዲሁ ቆሞ ነው እንጂ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ አይደለም። ጎሹ በመንጋ መካከል ከሆነ ደግሞ ጥይቱ አልፎ ከኋላው ያለችውን ላም ሊያቆስል ስለሚችል፣ ጎረቤቶቹ እስኪለዩለት መጠበቅ ግዴታ ነው። ተኩሶ መቆም የለም፤ ወዲያው ሌላ ጥይት ማጉረስና እስኪወድቅ መድገም ነው። ከወደቀም በኋላ በኋላው በኩል ቀርቦ ዓይኑን በአፈ ሙዝ ነክቶ ሳያረጋግጡ «ሞተ» ማለት የለም።

ከፊት የሚሔደው ሰው

ይኸን ሁሉ ስነግረው የአክስቴ ልጅ በትዕግሥት ሰማኝ። ቀጥዬ፣ «ብትስትስ?» አልሁት። «ቆስሎ ቢሔድ?»

«ባለሙያው አለ» አለኝ።

አዎን፣ ባለሙያው አለ። የቆሰለ ጎሽ ጥቅጥቅ ወዳለ ቍጥቋጦ ይገባል፤ በዛምቤዚ ሸለቆ እንዲህ ባለው ቍጥቋጦ ውስጥ ከአምስት እርምጃ በላይ የማይታይበት ቦታ ብዙ ነው። አዳኞቹ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁና ዱካውን ይይዛሉ። ቀይ አረፋ ያለበት ደም ሳንባው መመታቱን ያሳያል፤ የጠቈረና ፈርስ የተቀላቀለበት ከሆነ ጥይቱ ሆዱን ነው ያገኘው፤ ቀኑም ረዥም ይሆናል። ጎሹ አንዳንድ ጊዜ በመጣበት ዞሮ፣ ከራሱ ዱካ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። ሲመጣ የሚያቆመው አንጎሉን ወይም አከርካሪውን ያገኘ ጥይት ብቻ ነው።

በዚህ ሰዓት በግንባር የሚሔደው ማን ነው? ገንዘብ የከፈለው አይደለም፤ ባለሙያውም አይደለም። ዱካ ተከታዩ ነው። ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ከሣር ላይ የደም ነጥብ ይለቅማል፤ ብዙውን ጊዜ በእጁ ያለው አንድ በትር ነው። ቀና ብሎ የሚያይለት ከኋላው ያለው ሰው ነው። እንደ እኔና እንደ አንባቢው ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበል፣ ማታ የሚጠብቁት ልጆች ያሉት ሰው ነው። ያልተጣራውን ጥይት የተኰሰው ሌላ፣ ሒሳቡን ሊከፍል የሚቀድመው ግን እርሱ ነው።

ስለዚህ ከዝግጅቱ ሁሉ የሚበልጠው ዝግጅት ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ይኸውም «አልተኩስም» ማለትን አስቀድሞ መለማመድ። ድጋፉ ሲነቃነቅ፣ እግር ሲንቀጠቀጥ፣ ቅጠል ሲከልል፣ ባለሙያው «ተኩስ!» ቢል እንኳ ጠመንጃን ዝቅ ማድረግ። በሕጉም ቢሆን ያቆሰለ እንደ ገደለ ተቈጥሮ ሙሉውን ይከፍላል።

«ሰባት ቀን ሔጄ ባዶ እጄን ልመለስ? የስምንት ዓመት ገንዘቤስ?» አለኝ።

«ልትመለስ ትችላለህ» አልሁት። «ለዱካ ተከታዩ ልጆች ምን ልትላቸው ነው ያለበለዚያ?»

መልስ አልሰጠኝም፤ መጽሔቱን አጥፎ ወደ መኝታው ሔደ። አኮረፈ ብዬ ነበር። ያን ትልቅ ጠመንጃ ግን ትቶታል፤ ባለፈው ወር ስልክ ደውሎ 375 መግዛቱን፣ በየቅዳሜውም ቆሞ ከድጋፍ ላይ እንደሚለማመድ ነገረኝ። ቀጠሮውን ለመስከረም ይዟል። ለአደን ካምፑ በጻፈው ደብዳቤም ላይ ዱካ ተከታዩ ማን እንደሚባልና ስንት ዓመት እንደ ሠራ ጠይቋል። በቀን አሥራ አምስትና ሃያ ኪሎ ሜትር በእግር መሔድ እንዳለበት ስላወቀ፣ አዲሱ ጫማ እግሩን እንዳይልጠው ከአሁኑ እያለማመደው ነው፤ ካፖርትና ክራቫት አድርጎ ወደ ሥራው ሲሔድ እንኳ የሚጫማው ያንኑ የአደን ጫማ ነው አሉ።