ከትንሹ ባቡር ጀርባ ያለው አገር

በቤቱ የሞዴል ባቡር የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደክመው ለሎኮሞቲቩ፣ ለሐዲዱና ለጣቢያው ነው። ሐዲዱ ይነጠፋል፣ ጠጠሩ ይረጫል፣ ዛፉ ይተከላል፤ ባቡሩም ያለ እንከን ይሄዳል። ጎንበስ ብለው በባቡሩ ቁመት ሲመለከቱ ግን ከጣቢያው ጀርባ የክፍሉ ግድግዳ፣ የመብራት ማብሪያውና የመጋረጃው ጫፍ ይታያሉ። ዓይን እነዚህን ካየ በኋላ ባቡሩ ተመልሶ መጫወቻ ይሆናል። ከጠረጴዛው ኋላ ሰማይና ተራራ የተሳለበት ሰሌዳ የሚቆመው ለዚህ ነው። ይህ የጀርባ ሥዕል ባቡሩ የመጣበትንና የሚሄድበትን አገር ያሳያል።

ሥራው ብዙ ጊዜ «ኋላ እንደርስበታለን» እየተባለ የሚገፋ ነው። እኔ ግን ከሎኮሞቲቩ እኩል ክብር ይገባዋል እላለሁ። በርካሽ ዕቃ ይሠራል፤ የሠለጠነ የሠዓሊ እጅም የግድ አይልም። አጥብቆ የሚጠይቀው ቁጥብነትን ነው፤ ሩቅ አገር የሚሳለው ዝርዝሩን እየተዉ ነውና።

ስሌቱ

በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የሞዴል ባቡር ምጣኔ ኤችኦ ይባላል፤ ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። ቦታ የጠበበባቸው ሰዎች የሚመርጡት ኤን ደግሞ 160 ጊዜ ያነሰ ነው። በኤችኦ ሲሰላ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠረጴዛ የሚይዘው 52 ሜትር ያህል መሬት ብቻ ነው። 105 ሜትር የሚረዝም የእግር ኳስ ሜዳ እንኳ ከ1.2 ሜትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ሜትር 11.5 ሜትር ይሆናል፤ ይህ ከብዙ ቤቶች ሳሎን ይረዝማል። ስለዚህ ከጣቢያው አጥር ባሻገር ያለው ሁሉ፣ እርሻው፣ ኮረብታው፣ ተራራው፣ በእንጨትና በጀሶ ተሠርቶ አያልቅም። መሳል አለበት።

ዘዴው ከሞዴል ባቡር በፊት የነበረ ነው። በኋላ በፎቶግራፍ ፈጠራ ስሙ የገነነው ሉዊ ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1822 ፓሪስ ውስጥ ዲዮራማ የተባለ ማሳያ ከፍቶ፣ በትልልቅ ጨርቅ ላይ በተሳሉ መልክዐ ምድሮች ላይ ብርሃኑን እየለዋወጠ ቀኑን ሲያነጋና ሲያስመሽ ሕዝቡን ያስደንቅ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን ጥበቡን ወደ ላቀ ደረጃ ያደረሱት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሞች ናቸው። በኒው ዮርክ በሚገኘው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፣ በሙያው አርክቴክት የነበረው ሠዓሊ ጄምስ ፔሪ ዊልሰን ፎቶግራፍን በጎበጠ ግድግዳ ላይ ሳይዛባ የሚያስተላልፍበት በመረብ መስመር የሚሠራ ዘዴ ፈጠረ። በእነዚያ አዳራሾች ከእንስሳቱ ኋላ ያለው ሜዳ የት ላይ እንደሚያልቅና ሥዕሉ የት ላይ እንደሚጀምር መለየት ያስቸግራል።

ከሞዴል ባቡር ሠሪዎች መካከል ይህን እይታ አጥልቆ የተረዳው አሜሪካዊው ጆን አለን ነበር። ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ውስጥ በቤቱ ምድር ቤት የሠራው «ጎሪ ኤንድ ዲፊትድ» የተባለው መስመር ከወለል ተነሥተው ወደ ጣሪያ የሚቃረቡ ተራራዎች ነበሩት። ክፍሉን ሰፊ ለማስመሰል መስታወቶችን በድልድይና በሕንፃ ደብቆ ይጠቀም ነበር። ሙያው ፎቶግራፍ ማንሣት ስለነበር፣ ከባቡሩ ኋላ በካሜራው መስኮት የሚገባውን ሁሉ እንደ ራሱ ሥራ ቆጠረው። አለን እ.ኤ.አ. በጥር 1973 አረፈ፤ ሥራውም በቀናት ውስጥ በእሳት ወደመ። ዛሬም ሰዎች ከእሱ የሚማሩት ባስቀራቸው ፎቶግራፎች አማካይነት ነው።

ሰሌዳው

ለጀርባ ሥዕል ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሃርድቦርድ የብዙዎች ምርጫ ነው፤ ለስላሳና ርካሽ ነው፣ ቀስ እያሉ ሲያጎብጡትም ይታዘዛል። ስስ የፕላስቲክ ወይም የአሉሚኒየም ጥቅልም ያገለግላል። ቁመቱ ከጠረጴዛው በላይ ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ባቡሩን በቅርብ የሚመለከት ዓይን የሰሌዳውን ጫፍ አያገኘውም።

ትልቁ ጠላት የክፍሉ ጥግ ነው። ሁለት ግድግዳዎች በቀጥታ ሲጋጠሙ እያንዳንዳቸው የሚያርፍባቸው ብርሃን ይለያያል፤ በሰማዩ መካከልም ቀጥ ብላ የቆመች ጠቋራ መስመር ትታያለች። እንዲህ ያለ ሰማይ የለም። ስለዚህ ሰሌዳው ጥጉ ላይ ሲደርስ በሰፊ ጉብጠት፣ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ የክብ ሬዲየስ፣ መታጠፍ ይኖርበታል። ሁለት ሰሌዳዎች የሚገናኙበት ስንጥቅ በስቱኮ ይሞላል፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ጣት የማይለየው እስኪሆን ድረስ ይስተካከላል። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ስንጥቁን ለዓመታት ሲያየው ይኖራል።

ሰማዩ

ሰማይ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሰማያዊ አይደለም። ከራሳችን በላይ ያለው ብርሃን የሚያልፈው አጭር የአየር ንብርብር ሲሆን፣ ከአድማስ የሚመጣው ግን በብዙ እጥፍ የሚረዝም አየር አቋርጦ ነው የሚደርሰን፤ በመንገዱ ስለሚበታተንም ይነጣል። በግድግዳ ቀለም ይህን ማሳየት ቀላል ነው። አንድ ቆርቆሮ ሰማያዊና አንድ ቆርቆሮ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ይበቃል፤ ሁለቱም የማያብረቀርቁ ይሁኑ። ከላይ ሰማያዊው ይቀባል፣ መሐል ላይ ሁለቱ በእኩል የተደባለቁበት፣ ከታች ነጩ ጥቂት ሰማያዊ ጠብ ተደርጎበት። ቀለሙ ሳይደርቅ ሰፊ ብሩሽ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተመላለሰ ድንበሮቹን ያዋሕዳል። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ የደጋ ሰማይ ከባሕር ዳርቻ ሰማይ ይደምቃል፤ የሚሳለው አገር ደጋ ከሆነ የላይኛው ሰማያዊ ጠንከር ይበል።

ደመና ለመሳል የሚቸኩሉ ብዙ ናቸው። ምክሬ መጀመሪያ ያለ ደመና ማየት ነው። ካስፈለገም ጥቂት ይበቃል፤ ወደ አድማስ ሲቀርብ እያነሰና ጠፍጣፋ እየሆነ ይሂድ።

ተራራው

ተራራ ሲርቅ ወደ ሰማዩ ቀለም እንደሚጠጋ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ጽፎታል። የሞዴል ሠሪው መሣሪያ ይኸው እውቀት ነው። አንድ ግራጫ የቀላቀለ አረንጓዴ ተዘጋጅቶ ለሦስት ዕቃ ይከፈላል። በመጀመሪያው ላይ ከአድማሱ የሰማይ ቀለም በብዛት ይጨመራል፤ ይህ የሩቁ ሰንሰለት ነው። በሁለተኛው ላይ መጠነኛ ይጨመራል። ሦስተኛው እንዳለ ለቅርቡ ኮረብታ ይውላል። ሥራው ሁልጊዜ ከሩቁ ወደ ቅርቡ ይመጣል። በሩቁ ሰንሰለት ላይ ዛፍም ገደልም አይሳልም፤ የጀርባው ቅርጽ ብቻውን ይበቃል። በቅርቡ ኮረብታ ላይ እርጥብ ስፖንጅ ጫን ጫን ሲደረግ ቁጥቋጦ ይመስላል።

የተራራው ቁመት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አግዝፎ ይስለዋል። ከሜዳው 1000 ሜትር ከፍ ያለ ተራራ ከ10 ኪሎ ሜትር ርቀት ሲታይ፣ ከሥዕሉ አንድ ሜትር ርቆ ለቆመ ተመልካች የሚፈልገው 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ብቻ ነው። አድማሱም የራሱ ሕግ አለው፤ ምንጊዜም በተመልካቹ ዓይን ቁመት ላይ ይገኛል። ሰው ቆሞም ተቀምጦም ስለሚያይ ለሁሉ የሚስማማ መስመር ማስመር አይቻልም። ጠረጴዛውን ከወለል 1.2 ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ዓይንን ወደ ባቡሩ ያቀርባል፤ ጠፍጣፋውን አድማስ በኮረብታ መሸፈን ደግሞ ቀሪውን ችግር ያቃልላል።

መጋጠሚያውና ብርሃኑ

ጠረጴዛው ከሰሌዳው ጋር የሚገናኝበት መስመር ካልተሸፈነ የተለፋበት ሰማይ ሁሉ ዋጋ ያጣል። ቁጥቋጦ፣ የአፈር ካብ፣ አጥር፣ ወይም ፊቱ ብቻ ተሠርቶ በሰሌዳው ላይ የተለጠፈ መጋዘን ሊሸፍነው ይችላል። ከሁሉ የሚያስቸግረው መንገድ ነው። ቀጥ ብሎ ሥዕሉ ውስጥ የገባ መንገድ ተመልካቹ ወደ ጎን በተንቀሳቀሰ ቁጥር የተሰበረ መስሎ ይታያል። መንገዱ ከሰሌዳው ፊት ጉብታ ወጥቶ ቢሰወር ወይም ከቤት ኋላ ቢታጠፍ ዓይን ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል። ሐዲድ ሰሌዳውን ቀዶ የሚያልፍ ከሆነም ቀዳዳው በመኪና ድልድይ ወይም በዋሻ አፍ ይደበቃል።

ጥላም ምሥጢር ያወጣል፤ የዛፍ ጥላ ሰማይ ላይ አያርፍም። ዛፉንና ሕንፃውን ከሰሌዳው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ማራቅ፣ የኤልኢዲ መብራቱንም ከተመልካቹ በኩል ከላይ መዘርጋት ይረዳል። ቀለሙ መቀላቀል ያለበት ባቡሩ በሚታይበት በዚያው መብራት ሥር ነው፤ በፀሐይ ያማረ አረንጓዴ በአምፖል ሥር ሌላ ሆኖ ይገኛል።

መሳል የማይደፍር ሰው ፎቶግራፍ በባነር አሳትሞ መለጠፍ ይችላል። ፎቶው ሲነሣ ፀሐይ ከአንሺው ጀርባ ትሁን፤ ከመታተሙ በፊት ቀለሙ ፈዘዝ ይበል፤ ኅትመቱም የማያብረቀርቅ ይሁን። ጎናቸው እየጠበበ የሚሄድ ቅርብ ሕንፃዎች ያሉበት ፎቶ ከአንድ ቦታ ሲያዩት ብቻ ስለሚያምር፣ ሩቅ መልክዐ ምድር ያለበትን መምረጥ ይሻላል።

የራሳችን መስመር

የድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ለዚህ ጥበብ የተመቸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ይህ መስመር የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። በኤችኦ ምጣኔ ይህ ወደ 11.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸውን የስዊስ ተራራ ባቡሮች ለሚሠሩ ሰዎች የሚመረተው የ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድም በቂ ቅርበት አለው።

ለጀርባ ሥዕል መተሐራ ያለበትን ሜዳ እመርጣለሁ። የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ 2007 ሜትር ነው፤ ከሜዳው አንድ ሺሕ ሜትር ያህል ይነሣል። በሞዴል ልሥራው ቢሉ 11.5 ሜትር ቁመት ይጠይቃል፤ በሥዕል ግን ከላይ ባየነው ስሌት 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ወደ ሰማይ የቀረበ ግራጫ ቅርጽ ይበቃዋል። ከፊቱ የደረቀ ሣር ቢጫ፣ የበሰቃ ሐይቅ ስስ መስመር፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር የሚያጋጥም ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ግራር። ይህ አገር ራሱ ሜዳና አንድ ተራራ ስለሆነ ቁጥብነትን ያስተምራል።

ቦታ የሌለውም ተስፋ አይቁረጥ። 1.2 በ2.4 ሜትር በሆነ አንድ ጠረጴዛ መሐል በሁለት ፊቱ የተሳለ ሰሌዳ ቢቆም፣ በአንድ በኩል የድሬዳዋ ጣቢያ፣ በሌላው የመተሐራ ሜዳ ይሆናል። ባቡሩ ከአንዱ ሲሰወር ተመልካቹ ጥቂት ይጠብቃል፤ በሌላው ወገን ብቅ ሲል ሩቅ መንገድ ተጉዞ የመጣ ይመስላል። አንድ ስስ ሰሌዳ ጉዞን ይፈጥራል።

ስለዚህ ሊጀምር ላሰበ ሰው የምሰጠው ምክር የሥራውን ቅደም ተከተል የሚመለከት ነው። ሰሌዳው ይቁም፣ ጥጉ ይጉበጥ፣ ሰማዩ ይቀባ፣ ሩቁ ተራራ ይሳል፤ ከዚያ በኋላ ሐዲድ ይነጠፍ። ጣቢያና ዛፍ ከተተከለ በኋላ በላያቸው ተንጠራርቶ ሰማይ መቀባት ጀርባንም ሥራንም ይጎዳል። ከሁሉ በላይ ግን አገሩን አስቀድሞ የሳለ ሰው ሐዲዱን የሚዘረጋው ባቡሩ ከየት ወዴት እንደሚሄድ እያወቀ ነው፤ ጣቢያው የት እንደሚቆም፣ መንገዱ የት እንደሚታጠፍ የሚወስነውም በዚያ እውቀት ነው።