ውሃው በዝግታ ለሚመነጭ የቤት ጉድጓድ ስለሚተከል ፓምፕ

ግሸን በአምባሰል ከሚገኙት አምባዎች ሁሉ ስሟ የታወቀ ናት። ቅርጿ መስቀል ይመስላል፤ ግማደ መስቀሉም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468) ከዚያ እንደ ገባ ይነገራል፤ ስለዚህም በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ብዙ ሕዝብ ለንግሥ ይወጣል። ነገር ግን ዙሪያው ገደል በሆነ አምባ ላይ ለሚኖር ሰው ከክብሩ ጋራ አንድ ችግር አብሮት ይኖራል፤ ይኸውም የውሃ ነገር ነው። ከሌላ ተራራ ወርዶ የሚደርስለት ውሃ የለምና፥ በአምባ ራስ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ የሚያገኘው በዚያው በአምባው ላይ ዘንቦ በድንጋዩ ስንጥቅ የሰረገውን ብቻ ነው፤ ከዘነበውም ብዙው በገደሉ አፋፍ ይወርዳል።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ስፍራ ባለቤቱ ፓምፕ ልትከል ሲል፥ ሹሙም ርዳታ ሲለመን፥ ከፓምፑ ጉልበት በፊት መጠየቅ የሚገባው ጉድጓዱ በሰዓት ስንት ሊትር ይሰጣል ተብሎ ነው። ፓምፕ ያለውን ውሃ ያወጣል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም።

የመለኪያው ሥራ ገመድና ሰዓት ብቻ ይፈልጋል። ጊዜው የበልጉ ዝናም አልፎ ክረምቱ ሳይገባ፥ በሰኔ መግቢያ ይሁን፤ በመስከረም የተለካ ጉድጓድ ባለቤቱን ያታልላልና። የውሃው ግማሽ ፈጥኖ ይቀዳ፤ ከዚያም በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት እንደ ተመለሰ በገመዱ ይታይ። ለምሳሌ አፉ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጉድጓድ በያንዳንዱ ሜትር 785 ሊትር ይይዛል። በሰዓት 30 ሳንቲሜትር ከተመለሰ 235 ሊትር ሰጠ ማለት ነው፤ ይህም በ24 ሰዓት 5,640 ሊትር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ብቻ መቍጠር ጥንቃቄ ነው።

በዚህ ጉድጓድ ሊቀዳ የሚችለው የውሃ ቁመት ሁለት ሜትር ቢሆን፥ በደቂቃ 40 ሊትር የሚያወጣ ብርቱ ፓምፕ 45 ደቂቃ ሳይሞላ ያደርቀዋል። ከዚያ በኋላ ጭቃና አየር እየሳበ ሞተሩ ይቃጠላል፤ ገንዘቡም ይጠፋል፤ ሴቶችና ልጆችም እንስራና ጀሪካን ይዘው ወደ ቁልቁለቱ ይመለሳሉ። በደቂቃ 5 ሊትር ብቻ የሚያወጣ ትንሽ ፓምፕ ግን 12 ሰዓት ቢሠራ 3,600 ሊትር ይሰጣል፤ ውሃውም ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ዝቅ አይልም፤ ሌሊቱን ሲያርፍም ጉድጓዱ ይመለሳል። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢታሰብ ይህ ለ180 ሰው ይበቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እዚህ ላይ በቍጥር ይታያል።

ፓምፑ ዝግተኛ ስለ ሆነ ማጠራቀሚያ የግድ ያስፈልገዋል። ሕዝቡ ሮቶ የሚለው 4,000 ሊትር የሚይዝ ጋን ከፍ ካለ ስፍራ ቢቀመጥ፥ ቀን የወጣው ውሃ ጧት ለሁሉ ባንድ ጊዜ ሊቀዳ ይችላል። ውሃው ሲያንስ ሞተሩን በራሱ የሚያቆም መቁረጫም አብሮ ይገዛ። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ከሆነ፥ ፀሐይ 12 ሰዓት ሙሉ በብርታት ስለማትቆይ ባትሪ ይጨመርለት።

የፓምፑ ዓይነትም በአገሩ ከፍታ ይወሰናል። ከላይ ተቀምጦ ለሚስብ ፓምፕ ውሃውን የሚያነሣለት የአየር ክብደት ነው። እንደ ምጽዋ ባለ የባሕር ዳር አገር ይህ ክብደት ውሃን እስከ 10 ሜትር ያህል ሊያነሣ ሲችል፥ በ3,000 ሜትር ከፍታ ግን ከ7 ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ በሥራ ላይም ከ5 ሜትር በላይ ተስፋ ማድረግ አይገባም። ስለዚህ እንደ ግሸን ባለ ደጋ ውሃው 12 ሜትር ርቆ ሳለ ከላይ የሚስብ ፓምፕ መግዛት ከንቱ ነው፤ ከውሃው ውስጥ ጠልቆ ወደ ላይ የሚገፋው ይመረጥ፤ ጭቃ እንዳይስብም ከጉድጓዱ መሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ይንጠልጠል።

ለንግሥ የሚመጣውን ሕዝብ ግን አንድ የቤት ጉድጓድ ሊያጠጣ አይችልም። በዓሉ ክረምት ሲወጣ የሚውል ስለ ሆነ የጣራ ውሃ ይረዳል፤ 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊሜትር ዝናም ቢወርድ 1,000 ሊትር ነው፤ የሚባክነው ቢቀነስም 800 ያህል ይተርፋል። ይህ በነሐሴ ተጠራቅሞ ቢከደን ጉድጓዱ በዚያ ሰሞን ከመድረቅ ይድናል።

ስለዚህ ወረዳ የምታስተዳድሩ ሹማምንትና የጉድጓድ ባለቤቶች ሆይ፥ ለፓምፕ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የሰኔው ልክ በወረቀት ተጽፎ እንዲቀርብ አድርጉ፤ ጉድጓዱ ከሚሰጠው በላይ የሚያወጣ መሣሪያም ቢሆን በስጦታም ቢመጣ አታስተክሉ።