ትየርኪዲና አዲስ አበባ ለተለያያችሁ ባልና ሚስት፦ ሶር ፏፏቴ ላይ ተገናኙ

ይህ ጽሑፍ በተለይ በሥራ ምክንያት ተለያይታችሁ ለምትኖሩ ባለ ትዳሮች ነው። ባል ጋምቤላ ክልል፣ ኢታንግ ወረዳ ባለው የትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ በነርስነት ወይም በመምህርነት ይሠራል፤ ሚስት አዲስ አበባ ልጆች ታሳድጋለች። የደቡብ ሱዳን ጦርነት ተቀስቅሶ መጠለያው ከተከፈተበት ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ኑሯቸው እንዲህ የሆነ ጥቂቶች አይደሉም። ዕረፍት ሲደርስ ጋምቤላ ላይ አውሮፕላን ተሳፍሮ ቤት መግባት ነው። ከዚያስ? የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ያልተደረሰ የዘመድ ለቅሶ... ሁለታችሁ ሳትጫወቱ ቀኑ ያልቃል።

እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ልጆቹን ለአያት አደራ ሰጥታችሁ መቱ ላይ ተገናኙ።

መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከጋምቤላ ለሚመጣው ግን መንገዱ በጣም ያጥራል። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ ጎሬ ከ2000 ሜትር በላይ ናት። ዳገቱን ጨርሳችሁ ቡሬ ስትደርሱ ቆላ ላይ የከፈታችሁትን የመኪና መስኮት ራሳችሁ ትዘጋላችሁ። ይህ መንገድ ታሪክም አለው። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል እንግሊዞች ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደላቸው በኋላ፣ የጎሬ አካባቢ ቡና በበቅሎ ወርዶ በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ይጫን ነበር።

ከመቱ ወደ በቾ መንደር 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከበቾ በኋላ መኪና የለም፤ አንድ ሰዓት ገደማ በእግር ነው። የመንደሩን ልጅ መሪ አድርጉ፤ ዋጋውንም አስቀድማችሁ ተስማሙ። መጀመሪያ ማሳና ጓሮ ታልፋላችሁ፤ ከዚያ ጥቅጥቅ ያለው ደን ይቀበላችኋል። ኢሉባቦር የደን ቡና አገር ነው። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ቅርንጫፍ ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሎ ታያላችሁ፤ ቀና ካላችሁ ደግሞ ጥቁርና ነጩ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል። እዚያው ዞን ያለው የያዩ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

የእግር መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ጎን ለጎን አያስኬድም። ባሎች ሆይ፣ እባካችሁ ሚስቶቻችሁን አስቀድሙ! ፊት ፊት እየሮጡ “ምነው ዘገየሽ?” ማለት ከተማም ውስጥ የሰለቸን ነው። የእሷን እርምጃ ተከተሉ፤ ስትቆም ቁሙ።

ፏፏቴውን ከማየታችሁ በፊት ትሰሙታላችሁ። ከዚያ ቅጠሉ ገለጥ ሲል የሶር ወንዝ ከሰፊው የድንጋይ ከንፈር ላይ ተወርውሮ ገደል ሲገባ፣ ጉሙም ወደ ላይ ሲመለስ ይታያል። ፊታችሁና ልብሳችሁ ይርሳል። እዚያ ስለ ቤት ኪራይ ማውራት አይቻልም፤ ውኃው አያሰማም። ለወራት የተጠራቀመው ነገር ካለ ስትመለሱ፣ በቾ ቡና ተፈልቶላችሁ ስትቀመጡ ይወጣል።

መቼ እንሂድ ለምትሉ፣ አካባቢው ዝናብ አይጠግብም። ክረምት ውኃው ይሞላል፤ ጭቃው ግን ያንሸራትታል። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ሁለቱንም ያስታርቃል። ቦቲ ጫማና መቀየሪያ ልብስ ያዙ፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ድንጋይ ስለሚያዳልጥ ለፎቶ ብላችሁ አትጠጉ። ደግሞም ባለፉት ዓመታት የምዕራቡ መንገድ ሁልጊዜ ሰላም አልነበረምና፣ ከመነሳታችሁ በፊት መቱ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። መንገዱ ካልተረጋጋ ለሌላ ጊዜ አስተላልፉት።

አንቺ እህቴ፣ ትየርኪዲን አይተሽው አታውቂ ይሆናል። እሱም በስልክ “ይሞቃል፣ አቧራ ነው” ከማለት ሌላ ብዙ አልነገረሽም። ፏፏቴው አጠገብ ስትቆሙ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ጠይቂው። ሶር ወደ ገባ ወንዝ ይገባል፤ ገባና ቢርቢር ተገናኝተው ባሮ ይሆናሉ፤ ባሮም በጋምቤላ ድልድይ ሥር አልፎ ወደ ኢታንግ ይወርዳል። በማግስቱ አንቺ ወደ በደሌ፣ እሱ ወደ ጎሬ መኪና ስትሳፈሩ፣ አብራችሁ ያያችሁት ውኃ እሱ ወደሚሄድበት እየወረደ ነው።